የመረሬን ውሃ ለማጠንፈፍ የተባበሩ ሙያዎች

በሐምሌ ወር የመረሬ መሬት ምን እንደሚመስል ለገበሬ ማህበር መሪዎች ማስረዳት ለቀባሪው ማርዳት ነው። ዝናቡ ሲወርድ አፈሩ ያብጣል፣ አፉን ይዘጋል፣ ውሃውም ላዩ ላይ ይተኛል። በሬው ይሰምጣል፤ ማረሻው ጭቃውን ጠቅልሎ ይወጣል። ገበሬውም ነሐሴ እስኪያልፍ ጠብቆ፣ ውሃው ሲሸሽ በቀረው እርጥበት ስንዴውን፣ ሽምብራውን፣ ምስሩንና ጓያውን ይዘራል። የክረምቱ ዝናብ አብዛኛው የወረደው ግን መሬቱ ባዶውን ተኝቶ ሳለ ነው። ያ ሁሉ ውሃ ሰብል ሳያበቅል፣ ይልቁንም አፈር ጠርጎ ወደ ወንዝ ወርዷል።

ለመሆኑ ይህ ችግር የአፈር ነው ወይስ የሰብል? የበሬ ነው ወይስ የመሣሪያ? የአፈር ሊቅ ብቻውን ቢጠየቅ ስለ አፈሩ ይናገራል። የዘር ባለሙያው ውሃ የሚችል ዘር ይፈለግ ይላል። የከብት ሐኪሙ በሬው ከስቷል ይላል። የኢኮኖሚ ባለሙያው ደግሞ ገበሬው ገንዘብ የለውም ብሎ ወረቀቱን ያጥፋል። ሁሉም እውነት ተናግረዋል፤ ማሳው ግን አሁንም ኩሬ ነው። በአገራችን የመረሬ መሬት ላይ የተለያዩ የሙያ ዘርፎች በአንድ ፕሮግራም ሥር ተሰብስበው ያካሄዱት ጥናት ከዚህ ችግር የተነሳ ነው። የተሳካለትም ያልተሳካለትም ነገር ስላለው ታሪኩን ማወቁ ለማህበር መሪዎች ይጠቅማል።

መሬቱ ምን ያህል ነው?

በአንዳንድ ቦታ መረሬ፣ በሌላው ዋልካ፣ በኦሮሞ ገበሬ ዘንድ ኮቲቻ የሚባለው ይህ ጥቁር አፈር በኢትዮጵያ 12.6 ሚሊዮን ሄክታር ያህል እንደሚሸፍን ጥናቶች ያመለክታሉ። ከዚህ ውስጥ 7.6 ሚሊዮን ሄክታር የሚሆነው የሚገኘው በደጋውና በወይና ደጋው ነው። ጥናቱ በተጀመረበት ዘመን በደጋው ካለው መረሬ ይታረስ የነበረው ሩብ ያህሉ፣ ማለትም 2 ሚሊዮን ሄክታር ገደማ ብቻ ነበር። የቀረው ሣር የሚበቅልበት፣ በክረምት የሚረግብ፣ በበጋ ደግሞ የሚሰነጣጠቅ መሬት ነው።

መሬቱ ደካማ መሆኑ አይደለም። አፈሩ ውስጥ ያለው ሸክላማ ጭቃ ውሃ ሲያገኝ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል፤ ስንጥቁም ከዚህ ይመጣል። ውሃ የመያዝ ኃይሉ ከፍተኛ ነው። ችግሩ ውሃው ሲበዛ የሰብሉ ሥር አየር አጥቶ መታፈኑ ነው። በሌላ አነጋገር ገበሬው የተቸገረው በመሬቱ ስስት ሳይሆን ከመጠን በላይ በሚያጠራቅመው ውሃ ነው።

ገበሬው ይህን ቀድሞ ያውቃል። በየአካባቢው የራሱን ዘዴ ሲሠራ ኖሯል። በአንዳንድ ቦታ ዘር ከተዘራ በኋላ በማረሻ ጠባብ ትልም እያወጣ ውሃውን ያሸሻል። በሰሜን ሸዋ ደጋ በሸኖ አካባቢ አፈሩን ቆልሎ ያቃጥላል፤ ይህም ለአንድ ሁለት ዓመት ገብስ ይሰጥና መሬቱን ለብዙ ዓመት እንዲያሳድር ያስገድዳል። ከሁሉም ይልቅ የተመራማሪዎቹን ዓይን የሳበው ግን በሰንጋው የታወቀው የጅሩ አገር፣ በተለይም የእነዋሪ አካባቢ ገበሬ ሥራ ነው። በእነዋሪ ማሳው ከታረሰ በኋላ ቤተሰቡ፣ ሴቶችና ልጆች ጭምር፣ አፈሩን በእጅ እየቆለለ ሰፋ ያለ መደብ ይሠራል፤ በመደቦቹ መካከል ውሃ የሚወርድበት ቦይ ይተዋል። ስንዴው ከመደቡ ላይ ሆኖ እግሩ ሳይረጥብ ያድጋል። ሥራው ጎንበስ ብሎ በጭቃ ውስጥ የሚውሉበት እጅግ አድካሚ ሥራ ነው። ነገር ግን የማጠንፈፍን ጥበብ ለእነዋሪ ሰው ማንም ከውጭ አምጥቶ አላስተማረውም።

ከሕንድ የመጣው ሐሳብ

በሕንድ አገር በሃይደራባድ ከተማ አጠገብ ፓታንቼሩ በተባለ ስፍራ እ.ኤ.አ. በ1972 የተቋቋመ ኢክሪሳት የሚባል ዓለም አቀፍ የምርምር ድርጅት አለ። የሕንድም ገበሬ እንደ እኛው በጥቁር አፈር ላይ በዝናብ ወራት መሬቱን ባዶውን ትቶ፣ ዝናቡ ሲያበቃ በቀረው እርጥበት ይዘራ ነበር። የኢክሪሳት ጠበብት ሰፊ መደብና ቦይ የማውጣትን ዘዴ አጥንተው፣ ሥራውንም በበሬ በሚጎተት ባለ ጎማ የብረት መሣሪያ እንዲከናወን አደረጉ። መሣሪያው በምርምር ጣቢያው ማሳ ላይ ያማረ ሥራ ሠራ። ዋጋው ግን ለተራው ገበሬ የሚቀመስ አልነበረም። እንግሊዛዊው የእንስሳት ጉልበት ባለሙያ ፖል ስታርኪ እ.ኤ.አ. በ1988 ባሳተመው መጽሐፍ በአፍሪካም በእስያም የተሞከሩትን እነዚህን ባለ ጎማ መሣሪያዎች መርምሮ፣ በባለሙያ እጅ ፍጹም ሆነው በገበሬ እጅ የተጣሉ መሆናቸውን በመጽሐፉ ርዕስ ላይ ሳይቀር አስፍሮታል።

በአገራችን ሥራው ሌላ መንገድ ያዘ። ዋና ጽሕፈት ቤቱ በአዲስ አበባ የነበረውና ኢልካ በመባል ይታወቅ የነበረው የአፍሪካ ዓለም አቀፍ የከብት ማዕከል፣ በደብረ ዘይት ጣቢያው በ1980ዎቹ አጋማሽ (እ.ኤ.አ.) መነሻ ያደረገው የገበሬውን የራሱን ማረሻ ነበር። ሁለት ማረሻ ጎን ለጎን ተጣምሮ፣ አፈሩን ወደ መካከል የሚገፋ ክንፍ ተበጅቶለት፣ ከኋላው መደቡን የሚያስተካክልና ዘሩን የሚያለብስ ሰንሰለት ተንጠለጠለበት። በአንድ ጥማድ በሬ ይሳባል። 80 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው መደብ ያወጣል፤ ከመደብ መደብ ያለው ቦይ 40 ሳንቲ ሜትር ነው። ባለሙያዎቹ ቢቢኤም ይሉታል፤ በአማርኛ ማጠንፈፊያ የሚለው ስም ይሻለዋል። ሞፈሩም ቀንበሩም ገበሬው የሚያውቃቸው ናቸው፤ የሚሰበረውን ሊጠግን የሚችለውም የመንደሩ አንጥረኛ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1986 የጋራ የመረሬ አፈር ፕሮጀክት ተቋቋመ። በፕሮጀክቱ ውስጥ ኢልካ፣ ኢክሪሳት፣ የያኔው የእርሻ ምርምር ኢንስቲትዩት፣ የዓለማያ የእርሻ ዩኒቨርሲቲና የግብርና ሚኒስቴር ተሳትፈዋል። ዛሬ ኢልካ ከሌላ ድርጅት ጋር ተዋህዶ ኢልሪ ሆኗል፤ የእርሻ ምርምር ኢንስቲትዩቱም የኢትዮጵያ ግብርና ምርምር ኢንስቲትዩት ይባላል፤ ዓለማያም ሐረማያ ተብሏል። ሙከራው ከደብረ ዘይት አካባቢ ሌላ በእነዋሪ፣ በጊንጪና በወሎ በደጎሎ በገበሬዎች ማሳ ላይ ጭምር ተካሂዷል።

ሁሉም የየራሱን መለኪያ ይዞ መጣ

የተለያየ ሙያ ያላቸው ሰዎች በአንድ ማሳ ላይ ሲሰበሰቡ መጀመሪያ የሚታየው ስምምነት አይደለም። የሰብል ባለሙያው የሚመዝነው እህሉን ነው፤ በሄክታር ስንት ኩንታል ይላል። የከብቱ ባለሙያ ደግሞ ገለባውን ይጠይቃል፤ ምክንያቱም ገለባ ከሌለ በሚያዝያና በግንቦት በሬው ማረሻ አይስብም። ገበሬው ግን ሁለቱንም ይመዝናል። እህል የሚሰጥ ዘር ቁመቱ አጥሮ ገለባው ካነሰ፣ ለሰብል ባለሙያው ድል የሆነው ነገር ለበሬው ረሃብ ሊሆን ይችላል።

አንድ ምሳሌ በዝርዝር እንመልከት። ማጠንፈፊያው ጥቅም የሚሰጠው ስንዴው ቀድሞ፣ በሰኔ መጨረሻ ወይም በሐምሌ መጀመሪያ ሲዘራ ነው። እንዲህ ሲሆን ሰብሉ የክረምቱን ዝናብ ይጠቀማል፤ ቶሎ የሚደርስ ዘር ከሆነም ጎተራ በሚራቆትበት ወቅት፣ በጥቅምት፣ እህል ያስገኛል። በሰኔ ለመዝራት ግን መሬቱ ቀደም ብሎ መለስለስ አለበት። ያን ጊዜ ደግሞ መረሬው እንደ ድንጋይ የደረቀ ነው፤ በሬውም ከበጋው የወጣ፣ የጎን አጥንቱ የሚቆጠር ነው። ስለዚህ የአፈሩ መፍትሔ ከመኖው መፍትሔ ተነጥሎ አይቆምም። ከዚያ ቀጥሎ አረም ይመጣል፤ ቀድሞ የተዘራ ስንዴ አረሙም ከእርሱ እኩል ይበቅላል፤ የአረሙ ሥራ የሚውለው በአብዛኛው በሴቶች ጫንቃ ላይ ነው። መደቡን በእጅ ከመቆለል ያረፈች ሴት በአረም ከተያዘች ምን ተረፋት? የመሣሪያ ባለሙያው ይህን ጥያቄ በራሱ አያነሳውም፤ የቤተሰብ ጉልበትን የሚያጠና ሰው ከጎኑ መኖር ያለበት ለዚህ ነው።

የሣሩም ነገር አለ። ያልታረሰው መረሬ ባዶ ቢመስልም የመንደሩ ከብት የሚሰማራበት ነው። ተጠንፍፎ ከታረሰ ከብቱ ወዴት ይሂድ? ገለባው የታጣውን ሣር ይተካል ወይ? ይህን የሰብል ሰው ብቻውን አይመልሰውም፤ የከብት ሰውም ብቻውን አይመልሰውም።

በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የዓለም የግብርና ተመራማሪዎች ስለ አንድ ሰብል ብቻ ማጥናትን ትተው የገበሬውን ቤት፣ ማሳና ከብት እንደ አንድ አካል ማጥናት የጀመሩት ከእንደዚህ ዓይነቱ ጥያቄ ተነስተው ነው። እ.ኤ.አ. በ1989 ሮበርት ቻምበርስና ባልደረቦቹ ባወጡት መጽሐፍ ደግሞ ገበሬው የሚጠና ሰው ብቻ መሆኑ ቀርቶ በጥናቱ አጋር እንዲሆን ተከራክረዋል። ሐሳቡ በወረቀት ላይ ቀላል ነው። በተግባር ግን ስብሰባው ይበዛል፣ አንዱ የሌላውን ቋንቋ እስኪለምድ ጊዜ ይወስዳል፣ ወጪም አለው። ለዚህ ጸሐፊ እንደሚመስለው ወጪው የሚያስቆጭ አይደለም፤ ለየብቻ ተሠርቶ ማሳ ላይ ሲደርስ የሚጣል መሣሪያ ከዚያ ይበልጥ ያስወጣል።

ታዲያ ለምን በሁሉም ማሳ አልገባም?

ማጠንፈፊያው በሙከራ ጥሩ ውጤት ቢያሳይም እንደታሰበው ፈጥኖ አልተዳረሰም። ኢልሪ ራሱ ከዓመታት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2001 ባወጣው የግምገማ ጥናት የተጠቃሚው ቁጥር ከተጠበቀው በታች መሆኑን ገልጿል። አንድ ድርጅት የራሱን ሥራ እንዲህ መርምሮ ጉድለቱን ማሳተሙ የሚያስመሰግነው ነው፤ ብዙ ጊዜ የምንሰማው የመክፈቻውን በዓል ዜና ብቻ ስለሆነ።

ምክንያቶቹ የተለያዩ ናቸው። የመጀመሪያው መሣሪያ ለከሳ በሬ ይከብድ ነበር፤ በኋላ እንዲቀል ተደርጓል። ለመግጠም ያስቸግራል የሚል ቅሬታም ነበር። ከተሻሻለ ዘርና ከማዳበሪያ ጋር አብሮ የሚመጣ በመሆኑ ብድር ያላገኘ ገበሬ አልደረሰበትም። አንድ በሬ ብቻ ላለው ደግሞ መጀመሪያውኑ ጥማድ የለውም። ኢልካ በአንድ በሬ የሚሳብ ማረሻም ሞክሮ ነበር፤ ይህም በገበሬው ዘንድ አልተስፋፋም፤ ገበሬው ከጎረቤቱ ጋር በሬ ማጣመሩን መረጠ። ዝናቡ ባነሰበት ዓመትም ውሃ ማሸሽ ጉዳት እንጂ ጥቅም አይሆንም።

ከሁሉም በላይ የማህበር መሪዎችን የሚመለከተው ግን የውሃው መውጫ ነው። ከአንድ ማሳ የተጠነፈፈ ውሃ ወደ ሰማይ አይመለስም፤ ወደ ታችኛው ጎረቤት ማሳ ይወርዳል። ላይኛው ሲተርፍ ታችኛው ይሰምጣል። ቦዩ በየማሳው መጨረሻ ላይ ተዘግቶ ከቀረ ደግሞ መደብ ማውጣቱ ከንቱ ድካም ነው። ስለዚህ ከማሳዎቹ የሚወርደውን ውሃ ሰብስቦ ወደ ተፋሰሱ የሚያደርስ የጋራ ዋና ቦይ ያስፈልጋል። ዋናው ቦይ በማን መሬት ላይ ይለፍ? ላለፈበት ምን ይሰጠዋል? በየዓመቱ ማን ይጠርገዋል? ይህ የአፈር ሳይንስ ጥያቄ መሆኑ አብቅቶ የሽማግሌና የማህበር ጥያቄ ሆኗል። ተመራማሪዎች የቦዩን ስፋትና ቁልቁለት ለክተው ሊነግሩን ይችላሉ፤ ከሁለት ጎረቤቶች መካከል ገብተው መሬት ማስለቀቅ ግን አይችሉም።

በየካቲት 1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ ቢያንስ በ20 ጋሻ ወይም በ800 ሄክታር ላይ የገበሬ ማህበር እንዲቋቋም ሲደነግግ፣ በጊዜው ለማህበሩ መሬት የማደላደልን ሥልጣን ሰጥቶት ነበር። የመሬት ይዞታ ሕጉ ከዚያ ወዲህ ተለውጧል፤ ዛሬ ገበሬው የይዞታ ደብተር አለው፤ ማህበሩም በአብዛኛው ቦታ ቀበሌ ተብሏል። ቢሆንም 800 ሄክታር የሚያህል መሬት ላይ ውሃ ከየት ወደ የት እንደሚወርድ ከማህበሩ ሰው ይበልጥ የሚያውቅ የለም። ጥናት ሊያካሂድ የሚመጣ ቡድን በመጀመሪያው ቀን ማግኘት ያለበትም ይህን ሰው ነው።

ያው መሬት የሚያበቅለው ጓያ

ስለ መረሬ ተነስቶ ስለ ጓያ ዝም ማለት አይቻልም። ጓያ ውሃ የተኛበትንም ድርቅ የመታውንም መሬት ችሎ ይበቅላል። ሌላው ሰብል ሁሉ በከዳበት ዓመት እርሱ ብቻ ይቀራል። ችግሩም እዚህ ላይ ነው፤ ድሃው ሌላ እህል ሲያጣ ለወራት ጓያን ብቻ ይመገባል፤ ከዚያ እግሩ ይገተራል፣ በዱላ መሄድ ይጀምራል፣ ሕመሙም አንዴ ከያዘ መድኃኒት የለውም። በሽታው አብዝቶ የሚይዘው ወጣቶችን፣ በተለይም ወንዶችን ነው። ጓያ የሰበረው ሰው ያልታየበት የመረሬ አገር ጥቂት ነው።

ገበሬው ጉዳቱን ያውቃል፤ ምክንያቱን ግን አንዳንዱ ከሚፈላው ጓያ እንፋሎት ወይም ከገለባው ጋር ያያይዘዋል። ይህን ለመለየት ሐኪም ብቻውን አልበቃም። የነርቭ ሐኪሙ ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው በደምቢያና በፎገራ ቤት ለቤት እየተዘዋወሩ ሕመምተኞችን መዝግበው ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ1990 አሳተሙ። በእህሉ ውስጥ ያለውን መርዝ የሚለካው ደግሞ ኬሚስት ነው፤ መርዙ ያነሰ ዘር የሚያራባው የዘር ባለሙያ ነው፤ ምግቡ እንዴት እንደሚዘጋጅ የሚያውቁት እናቶች ናቸው።

በ1990ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ (እ.ኤ.አ.) በወሎ በደላንታና ዳውንት ከ2000 በላይ ሰዎች በዚሁ በሽታ ተጎዱ። በዚያ የሠሩት ሐኪም ዶክተር ኃይለየሱስ ጌታሁን በቤልጅግ የጌንት ዩኒቨርሲቲ ኬሚስት ከሆኑት ከፈርናንድ ላምባይንና ከሌሎችም ጋር ሆነው የታመመውንና ያልታመመውን ሰው ማዕድ አነጻጸሩ። ያገኙት ነገር በቀጥታ ለቤት የሚጠቅም ነው። ጓያን በቆሎ፣ በንፍሮና በእሸት መልክ መብላት አደጋውን ይጨምራል። ከጤፍ፣ ከገብስ ወይም ከሌላ የብርዕ እህል ጋር ቀላቅሎ መብላትና በሽንኩርትና በቅመም የተሠራ ወጥ አድርጎ መመገብ አደጋውን ይቀንሳል። በሸክላ ድስት ብቻ ማብሰልም ከበሽታው ጋር ተያይዞ ተገኝቷል፤ ይህን ውጤት ያለ ሐኪሙና ያለ ኬሚስቱ ትብብር ማንም አይደርስበትም ነበር። ክኩን በሙቅ ውሃ ዘፍዝፎ ውሃውን መድፋትም ከመርዙ ብዙውን ያስወግዳል። ውሃውን ለወጥ መልሶ መጠቀም ግን መርዙን መልሶ መብላት ነው።

በደብረ ዘይት የምርምር ማዕከል መርዙ አነስተኛ የሆነ ዋሴ የተባለ የጓያ ዘር ወጥቷል። ዋሴም ቢሆን ጨርሶ መርዝ የለውም ማለት አይደለም፤ የመርዙ መጠን እንደ አፈሩና እንደ ዝናቡ ይለዋወጣል፤ ድርቅ ሲመታው ይጨምራል። ስለዚህ ዋሴን የዘራም ገበሬ ዘፍዝፎ ውሃውን መድፋቱንና ከሌላ እህል ጋር መቀላቀሉን መተው የለበትም።

ሌላም ነገር አለ። የጓያ አበባ ራሱን በራሱ የሚያዳቅል ቢሆንም ንብ ከማሳ ማሳ እየዞረች በከፊል ታዳቅለዋለች። አንድ ገበሬ ዋሴን ዘርቶ ጎረቤቶቹ የድሮውን ከዘሩ፣ ከጥቂት ዓመት በኋላ የእርሱም ዘር ይደባለቃል። ዘሩን መለወጥ የሚጠቅመው ተጎራባች ማሳዎች በአንድ ዓመት አብረው ሲለውጡ ነው፤ ለዘርም የሚሆነው ከሌላ ጓያ ርቆ ለብቻው ከተዘራ ማሳ መወሰድ አለበት። የጓያ ዘር የሚወርደው ዝናቡ ሲያበቃ ስለሆነ ይህ በነሐሴ ስብሰባ ሊወሰን ይገባል። ዋናውን ቦይ ማን እንደሚጠርግ ግን ሰኔ ሳይገባ፣ መሬቱ ገና ደረቅ ሳለ መመደብ ያስፈልጋል።